ለሁለት ስለተሰነጠቀው ልቦለድና ስለተቆለፈው የውይይት ክፍል

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት፣

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከእጅዎ የማይለየው ማኅተምዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ያለችው መነጽር ቤት ባለቤት ነኝ። ጎረቤት እንደመሆኔ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጉዳዬን በቃል ባስረዳ ደስ ባለኝ ነበር። ሆኖም ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለምትነግረኝ፣ እኔ ደግሞ ከሱቄ ሆኜ በመስኮትዎ በኩል ብቻዎን ሲያዛጉ ስለማይዎ፣ ይህን የመሰለ ስብሰባ ማቋረጥ ነውር መስሎ ታየኝና በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ።

ጉዳዩ ያን የፍርድ ቤት ልቦለድ የሚመለከት ነው። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና መንገደኛም ቆም ብሎ ሊያነበው ስለሚችል ታሪኩን ባጭሩ እንዳስቀምጠው ይፍቀዱልኝ። አንድ ሀብታም የጣውላ ነጋዴ ይሞታል። ሟቹ ሁለት ልጆች አሉት፤ አልጋው አጠገብ ሆና ያስታመመችው ሴት ልጁና ለዓመታት ድምፁ ያልተሰማው ወንድ ልጁ። ኑዛዜው ሲከፈት ቤቱም፣ መጋዘኑም፣ ጣውላውም የወንድየው ሆኖ ይገኛል። ሴቲቱ ኑዛዜው ሐሰተኛ ነው ብላ ትከሳለች፤ ኑዛዜው ላይ የፈረመው ምስክር ደብዛው ይጠፋል፤ ጠበቃዋን ደግሞ አንድ ጥቁር መኪና በሄደችበት ሁሉ ይከተላታል። መጽሐፉ ከተማችን ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ንባብ ላይ ተጥዶ በየቤቱ እራት የሚሠራ አልተገኘም። ይህን ያህል ካልኩ ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፦ መጽሐፉን ከወገቡ ላይ ስላስቆረጡልን አመሰግናለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን ወረፋ የሚጠብቀው አንባቢ ግን ብዙ ነበር። ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ኖሮ አእምሮውን ሳያስጨንቅ ሁለተኛ ቅጂ ያስመጣ ነበር። እርስዎ ግን ጠራዡን አስጠርተው መጽሐፉ ለሁለት ተከፍሎ የመጀመሪያው ግማሽ ቀይ፣ ሁለተኛው ግማሽ ሰማያዊ ሽፋን እንዲለብስ አዘዙና አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው አዋሱ። ጠራዡም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ገጹን ለካና እኩል አካፈለ። ቢላው ያረፈው ግን የጠፋው ምስክር ተገኝቶ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዳኛዋ ‹ሟቹ ሲፈርም በዓይንህ አይተሃል ወይ?› ብላ በጠየቀችው ቦታ ላይ ነው። ቀዩ ጥራዝ ‹ምስክሩም ቀና ብሎ ዳኛዋን አየና› ብሎ ያልቃል። ሰማያዊው ‹ብሎ ተቀመጠ› ብሎ ይጀምራል። መልሱ የነበረበት ቅጠል ሲጠረዝ ሙጫ ውስጥ ገብቶ እስከ ወዲያኛው ቀርቷል። ጠራዡን አግኝቼ ምስክሩ ምን እንዳለ ብጠይቀው፣ ‹እኔ የምቆርጠውን አላነብም› ብሎ መለሰልኝ፤ እርስዎን ማን እንዳሠለጠነዎ ባላውቅም ሁለታችሁ አንድ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፦ ማን የቱን ግማሽ አስቀድሞ እንደሚወስድ ምንም ሥርዓት ባለማበጀትዎ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። አንባቢው በመጣ ሰዓት መደርደሪያው ላይ ያገኘውን አንሥቶ ሄደ። እንደሚያውቁት ቀዩን ያነበበ ሰው ሴቲቱን ያመልካታል፤ አባቷን ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ፣ ሳትተኛ ስታድር አይቷታልና። ሰማያዊውን ያነበበ ደግሞ የሚያገኛት በመስቀለኛ ጥያቄ ስትፋጠጥ፣ ላብ ላብ ሲላት ነው፤ በዚያ ላይ ወንድሟ በየምዕራፉ ያለቅሳል። ስለዚህ የሐሙስ ከሰዓቱን ውይይት የምትመራልን ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ሰማያዊውን አንብባ፣ መጽሐፉ ግሩም ነው፣ ልጅቷ ግን መታሰር አለባት አለች። እኔ ቀዩን አንብቤ፣ ልጅቷ ሐውልት ይገባታል፣ መጽሐፉ ግን እንዴት እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ያበቃል ብዬ ተቆጣሁ። የማንንም ውሳኔ ተቀብሎ ስለማያውቅ ‹ይግባኝ› የምንለው ጸጉር አስተካካይ ሰማያዊውን አስቀድሞ፣ ቀዩን አስከትሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ‹ሰውዬው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ውርሱ ሁሉ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ መሐል ላይ ከነነፍሱ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ያልተጠበቀ ነገር በሕይወቴ አንብቤ አላውቅም› ሲል መሰከረ። ሌላው ደግሞ ያ ጥቁር መኪና ቀን ከሌት ሲዞር ነዳጅ የት እንደሚቀዳ ሳይነገረን መቅረቱ ደራሲውን ያስንቃል አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ክፍል እንደዚያ ሲሞቅ አይቼው አላውቅም። መጋረጃው የደበዘዘ፣ ጠረጴዛው አንድ እግሩ ያጠረ፣ ወንበሮቹ የሚንቋቋ ክፍል መሆኑን ሁላችንም ረስተን ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህን ሁሉ አስተያየት በአንዲት ሳጥን ውስጥ ለማስገባት ላደረጉት ትግል ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። የበላይ መሥሪያ ቤትዎ የሚልክልዎ ቅጽ ላይ ለያንዳንዱ መጽሐፍ ‹የአንባቢያን አስተያየት› የምትል ሳጥን እንዳለችና በውስጧ ‹ጥሩ› ወይም ‹መጥፎ› ከሚለው በቀር ምንም እንደማይገባባት በራስዎ ማስታወቂያ ተረድተናል። እኛ ደግሞ ቅጽ የማያውቅ ሕዝብ ሆነን ሁለቱንም አልን። እርስዎም አንባቢያን ተወያይተን በአስቸኳይ አንድ አስተያየት ላይ እንድንደርስ አዘዙ። ታዘዝን፤ እጅ አወጣን። ቀዩና ሰማያዊው እኩል ለእኩል ሆነ። ይግባኝ ሁለቱንም እጆቹን ካወጣ በኋላ ቆጠራው እንደገና እንዲታይለት አመለከተ። አዋላጇ ሳቋን ለመደበቅ መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ቆየች። ውጤቱ ሲደርስዎ በሳጥኗ ውስጥ ‹አስተያየት የለም› ብለው እንደጻፉ ሰምተናል። አንድ ክፍል ሙሉ ሰው ጉሮሮው እስኪደርቅ ሲጨቃጨቅ ከርሞ አስተያየት የለውም ተብሎ መመዝገቡ ለልጅ ልጅ የሚነገር ነው።

አራተኛ፦ ስለ ቁልፉ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ቢጎረብጥ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ምክንያቱም አሁን ስለ ወንድሜ መናገር ግድ ይሆንብኛል።

ታላቅ ወንድሜ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ በቤቷ ምክንያት ተካሰስን። ፍርድ ቤቱ ፈረደ፣ ነገሩ አለቀ፣ እኛ ግን ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን። ክርክሩ ስለ ቤት ይምሰል እንጂ ስለ ቤት አልነበረም። እኔ፣ እናታችን ስትታመም አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም እላለሁ። እሱ፣ ከእናቴ ለየችኝ ይላል። ዘመድ ሊያስታርቀን ሞክሮ ሰለቸው። በመንገድ ስንገናኝ እሱ የሱቅ መስኮት ያያል፣ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። የመጽሐፉ ወሬ ከተማውን ሲሞላው ግን አንድ ሐሙስ ሰማያዊውን በብብቱ ይዞ መጣና ከጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሕይወቱ ከማቀዝቀዣ መመሪያ ሌላ ሲያነብ አይቼው ስለማላውቅ መጽሐፉ ምን ያህል እንደያዘው ገባኝ።

በውይይቱ ላይ በቀጥታ አልተነጋገርንም። እሱ በሰብሳቢዋ በኩል ‹ቅድም የተናገሩት እኅት ተሳስተዋል› ይላል። እኔም በሰብሳቢዋ በኩል ‹የተከበሩት ወንድም ሰማያዊውን ብቻ አንብበው ባይፈርዱ ጥሩ ነበር› እላለሁ። ከአንድ ማኅፀን የወጣን መሆናችንን የሚያውቀው ሁሉ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል። ይሳቅ። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፁን እየሰማሁ ነበርና ግድ አልሰጠኝም። እንዲያውም ሐሙስ እስኪደርስ ሌንስ ስቆርጥ ለእሱ የምመልሰውን በሆዴ እያዘጋጀሁ ብቻዬን ፈገግ እል እንደነበር ሠራተኛዬ ትመሰክራለች።

በመጨረሻው ሐሙስ፣ ወንድ ልጅ ሆኖ አባቱን ሊጠይቅ ያልመጣ ሰው ውርስ ምን ያደርግለታል ብዬ ተናገርኩ። ወንድሜ ሰብሳቢዋን አላየም፣ እኔንም አላየኝ። ጠረጴዛውን እያየ፣ ‹መጥቷል። ቆሞ አንኳክቷል፣ አንኳክቷል፣ የሚከፍትለት ሲያጣ ተመለሰ። እሷ ግን ቤት ነበረች› አለ። የትኛው ገጽ ላይ ነው ልል አፌን ስከፍት በሩ ተበረገደና እርስዎ ገቡ። ጩኸት በዝቷል አሉ። መጽሐፉ የአንባቢን ሰላም የሚያውክ ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱም ጥራዞች እንዲመለሱ፣ ክፍሉም ‹ለጥገና› እንዲዘጋ አዘዙ። በነገራችን ላይ በዚያች ደቂቃ ክፍሉ ውስጥ ጩኸት አልነበረም። የሰሙት ጩኸት ከእርስዎ ጋር አብሮ የገባው ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕንቅልፍ የለኝም። ያ በር መጽሐፉ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ወንድሜ ያነበበውን ተናገረ ማለት ነው፤ እኔም የተለመደውን ብስጭቴን ይዤ እኖራለሁ። ከሌለ ግን የተናገረው ስለ ሌላ በር ነው። ሰማያዊውን ያነበቡትን በዘዴ ጠየቅኩ። አዋላጇ፣ አዎ አለ፣ ዝናብም ይዘንብ ነበር አለችኝ። ይግባኝ፣ በር ሳይሆን መስኮት ነው፣ ያንኳኳውም ልጁ ሳይሆን ጠበቃዋ ናት አለ። ሦስተኛዋ ሰው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው ብላ ማለች፤ መስቀሏን ይዛ ስለነበር አመንኳት፣ በኋላ ግን ያነበበችው ቀዩን እንደሆነ ታወቀ። አንድ መጽሐፍ ያነበበ ሕዝብ ይህን ያህል የተለያየ ነገር ማየቱን እንደ መነጽር ሠሪ ሳስበው፣ ግማሾቻችሁ ሱቄ ብቅ ብትሉ ምን ነበረበት እላለሁ።

አምስተኛው ግን ምስጋና ነው፤ ይኸኛው ከልብ ነው።

በእኛ ሙያ አንድ ደንበኛ የፊደል ሰሌዳውን ካነበበ በኋላ ቤቱ ዘወትር የሚያነበውን ይዞ እንዲመጣ፣ በለመደው ርቀት ይዞም ጮክ ብሎ እንዲያነብልን እናደርጋለን። ሰው ሰሌዳ ፊት ሲቆም ፈተና ይመስለውና ይጠነቀቃል፤ በራሱ መጽሐፍ ላይ ግን ዓይኑ ያለበትን ሁኔታ አይደብቅም። ክቡርነትዎ ባለፈው ማክሰኞ ለንባብ መነጽር ሊለኩ መጥተው ይህንኑ ስጠይቅዎ ከቦርሳዎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጋዜጣው ሲገለጥ ሰማያዊ ሆነ። ለሰላማችን ሲባል የታሰረው መጽሐፍ የእስር ጊዜውን በእርስዎ ቤት፣ በእርስዎ ትራስ አጠገብ እየጨረሰ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሌንስ ቀየርኩና ‹እስቲ ከዚህ ጀምረው ያንብቡልኝ› አልኩ። አነበቡ። የመጀመሪያው ሌንስ በትክክል ይስማማዎ ነበር፤ እኔ ግን ሌላ ቀየርኩ፣ ከዚያም ሌላ፣ እርስዎም አነበቡ። ከጥቂት ገጽ በኋላ መነጽር ሊለኩ መምጣትዎን ረስተው የዳኛዋን ድምፅ ማውጣት ጀመሩ። ሊያምኑኝ ይገባል፤ ደስ የሚል ድምፅ አለዎት፣ ማስታወቂያ ሲለጥፉ መኖርዎ ያለ ቦታዎ ነው። ሠራተኛዬ ሥራዋን ትታ ቆማ ትሰማ ነበር። በመሐሉ እንደ ዋዛ፣ ‹ለመሆኑ ልጁ የአባቱን በር የሚያንኳኳበት ቦታ አልፏል?› ብዬ ጠየቅኩዎ። እርስዎም ያልገባት ተማሪ እንዳጋጠመው አስተማሪ በርኅራኄ አይተውኝ፣ የክሱ ፍሬ ነገር እኮ ልጁ አባቱ ታሞ በከረመበት ጊዜ ሁሉ እዚያ ከተማ እግሩን አለመርገጡ ነው፣ በሌለበት ሐሰተኛ ኑዛዜ ሊያስጽፍ አይችልም ተብሎ የተረታችውም በዚሁ ነው፣ ምኑን በር ያንኳኳል አሉኝ። እንዳምንዎም የፍርዱን ገጽ ገልጠው ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ። መጽሐፉ ውስጥ በር የለም።

ሥራዬን ጨርሼ እንደሸኘሁዎ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህንንም እዚህ የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ፈልጌ ሳይሆን ክፍል መቆለፍ ምን ማለት እንደሆነ በቅጽዎ ላይ ቦታ ስላልተሰጠው ነው። ወንድሜ መጥቶ ነበር። እናታችን በመጨረሻዎቹ ወራት ጆሮዋ ፈጽሞ ደክሞ ስለነበር ሬዲዮኗን እስከ መጨረሻው ከፍታ ስለምታዳምጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዜናውን ከእኛ ቤት ነበር የሚሰማው። እኔ ጓሮ አንሶላ ሳጥብ፣ ውስጥ ሬዲዮው ሲጮህ፣ እንኳን አንድ ሰው ሲያንኳኳ በሩ ተገንጥሎ ቢወድቅ አልሰማም ነበር። አልሰማሁም። ነገሩ ይኸው ነው። ችሎት ፊት ያን ሁሉ ጊዜ ስንመላለስ ጠበቆቻችን ስለ ካርታና ስለ ፊርማ ሲጠያየቁ አንዳቸውም ስለ ሬዲዮ አላነሡም።

ታዲያ ደውለሽ አትነግሪውም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ክቡርነትዎ፣ ደውዬ ምን ብዬ ልጀምር? ‹ሄሎ› ካልኩ በኋላ የምለው የለኝም፤ እሱም ማቀዝቀዣሽ ተበላሸ ወይ ከማለት የተሻለ ነገር አያገኝም። ሱቄ አይመጣም፣ ሱቁ አልሄድም። እኛ ሁለታችን መነጋገር የምንችለው በዚያ ክፍል፣ በዚያ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሰብሳቢ በኩል፣ ስለ ሌላ ሰው ታሪክ የምናወራ እየመሰልን ብቻ ነው። እዚያ ቢሆን እጄን አውጥቼ፣ ‹የተከበሩት ወንድም ስለ በሩ የተናገሩትን አስቤበታለሁ፤ ምናልባት ልጅቷ ጓሮ ሆና አልሰማች ይሆናል› እል ነበር። እሱም ያኔ ራሱን ይነቀንቃል ወይም ይቃወመኛል፤ ቢቃወመኝም ለሚቀጥለው ሐሙስ እንመጣለን። ባለፈው ሐሙስ ሁለታችንም ሳንቀጣጠር መጥተን ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት ተገናኘን። ‹ለጥገና ይላል› አለ ማስታወቂያውን እያየ። ‹ይላል› አልኩ። ሄደ። መጋዝም መዶሻም ይዞ የሚጠግነው ሰው አላየሁም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ሰማያዊውን እንዲመልሱ አልጠይቅም፤ ደስ ብሎዎት ይጨርሱት፣ ደግመውም ያንብቡት። ቀዩንም ቢፈልጉ ይውሰዱት፤ የሴቲቱን ደግነት ሳያዩ ፈርደውባታልና። የውይይት ክፍሉን ብቻ ይክፈቱልን። የቅጹ ሳጥን የሚያስጨንቅዎ ከሆነም ‹ጥሩ› ብለው ይሙሉት። መጽሐፉን እስካሁንም ጥሩ ነው አልልም፤ ምስክሩ ምን እንዳለ ሳላውቅ እንዴት ጥሩ ይሆናል። ነገር ግን ለአንድ ሐሙስ ስል ከሰማያዊዎቹ ጋር ለመስማማት ተዘጋጅቻለሁ።

አንድን መጽሐፍ ለሁለት፣ አንድን ሕዝብ በሁለት ቀለም፣ ሁለት ወንድምና እኅትን ከአንድ በር ውጭ ለማድረግ ያሳዩት ትጋት በማንኛውም ጊዜ በልባችን ታትሞ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ የተለመደው ትብብርዎ ለአንድ ጊዜ ያህል ባልተለመደ ፍጥነት እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከማይታክት አክብሮት ጋር፣

ከማዶ የምታይዎ ጎረቤትዎ፣
የመነጽር ቤቷ ባለቤት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መነጽርዎ ደርሷል። እንደተናገርኩት ገና በመጀመሪያው ሌንስ ታውቆ ያለቀ ነገር ስለሆነ ብዙም አልደከምኩበትም። የክፍሉን ቁልፍ ይዘው በመጡ ቀን ይረከባሉ። እስከዚያው ማስታወቂያዎችዎን ሲጽፉ ወረቀቱን እጅዎ እስከቻለው ድረስ አርቀው ይያዙት፤ እኛም ከዚያው ርቀት ብናነባቸው ይሻለናል።

ግልባጭ፦
ለጠራዡ፤ የሚያነብለት ሰው ሲያገኝ።
ለሐሙስ ውይይት ሰብሳቢ፤ በር አለ ብለው ስለጨመሩበት ዝናብ ማብራሪያ እንዲሰጡ።
ለታላቅ ወንድሜ፤ እንዲያውቀው።